ሃምሳ አለቃ የሱፍና የግሪሳው ሙዚቃ

የየሱፍን ሞት የሰማሁት ከሚሴ ፀጉር ቤት ተቀምጬ፣ ግማሽ ጭንቅላቴ ተላጭቶ ግማሹ ሳይነካ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መካከል ሸጉጦ ሲያወራ ቆየና "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" ብሎ ምላጩን አወረደ።

"ማን ነው?" አልኩት።

"የጨፋው ሃምሳ አለቃ የሱፍ። ቀብሩ ከዐስር ሶላት በኋላ ነው አሉ።"

ከወንበሩ ተነሣሁ። "አባ ሙሄ፣ ግማሹ ቀርቷል እኮ" ቢለኝም ኮፍያዬን ደፍቼ ወጣሁ። መቃብሩ ዳር ነፋስ ነበር። ኮፍያዬ እንዳይበርብኝ አንድ እጄን አናቴ ላይ ጭኜ ቆምኩ። ሰዎች ኀዘኑ ራሴን ያሳመመኝ መስሏቸው ደግፈው ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። አላረምኳቸውም። በዚህ ዕድሜዬ እንዲያው በነፃ የሚታዘንልኝ ጊዜ ብዙ አይደለም። የሱፍ ቢኖር ግን ያውቅብኝ ነበር። አንዲት ቃል ሳይናገር ቆሞ ያየኝና እኔው ራሴ አፍሬ እውነቱን እስካወጣ ይጠብቀኝ ነበር።

መጠበቅ ሥራው ነበር። ይህን የምለው አነጋገር ለማሳመር አይደለም፤ ደሞዝ በልቶበታል።

ወታደር ቤት የሙዚቃ ክፍል ውስጥ ነበር። መለከት አይነፋም፣ ቫዮሊን አይገዘግዝም። ሲምባል የሚሏቸውን ሁለት ትላልቅ የነሐስ ሳህኖች ይዞ ከሁሉም ኋላ ይቆማል። የባሕር ማዶ ሰዎች ጥንት የደረሱትን ረጃጅም ክላሲካል ሙዚቃ ለእንግዳ ሲያሰሙ፣ አርባ ሰው እየነፋና እየገዘገዘ ሲያልበው የሱፍ ሳህኖቹን ደረቱ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ሙዚቃው አብጦ አብጦ ጫፍ ሲደርስ አንዴ ያጋጫቸዋል። በቃ። ደርግ ሲወድቅ የሙዚቃ ክፍሉም ተበተነና ሳህኖቹን አስረክቦ ጨፋ እናቱ ቤት ባዶ እጁን ገባ።

ጎረቤታችን ኡመር አፉ ላይ የመጣውን ለነገ የማያሳድር ሰው ነው። የሱፍ በመጣ ሰሞን ሰው በተሰበሰበበት "ሃምሳ አለቃ፣ ያን ሁሉ ዓመት ሁለት ክዳን ስታጋጭ ነው የኖርከው?" አለው።

የሱፍ ጥያቄው ማለቁን እስኪያረጋግጥ ዝም አለ። "ማጋጨቱ ቀላል ነው። የከፈሉኝ ሳላጋጭ ለቆምኩት ነው። ትንሽ ብቀድም የአርባ ሰው ድካም ገደል ይገባል።"

"ምነው እኔን በቀጠሩኝ።"

"አንተንማ ጠዋት ቀጥረው ማታ ያሰናብቱህ ነበር" አለው የሱፍ፤ ኡመርም ከሁላችን አብልጦ ሳቀ።

ሰው ቤት ሲመጣ በር ላይ ቆሞ የውስጡ ወሬ እስኪያርፍ ይጠብቅና ነው "አሰላሙ አለይኩም" የሚለው። ባለቤቴ ፋጡማ "ይሄ ሰውዬ ሲሰማኝ፣ ያልኩትን እኔም ራሴ እሰማዋለሁ" ትል ነበር። ቀጥላም ወደ እኔ ዞራ "አንተ ግን ሳልጀምረው ትጨርስልኛለህ" ትለኛለች። እውነቷን ነው። ይህን ስትለኝ እንኳ መጨረሻውን የተናገርኩት እኔ ነበርኩ።

አንድ ዓመት ማሽላችን ወተት በያዘበት ሰሞን ግሪሳ ወረደብን። ግሪሳን ለማያውቅ ሰው ወፍ ነው ማለት አይበቃም። ከሩቅ ሲታይ መሬት ለመሬት የሚሄድ ጭስ ነው። ሲያርፍ አገዳው ይጎብጣል፤ ሲነሣ የማሽላው ራስ ባዶ ነው። ካለፈው ዓመት ድርቅ ጎተራችን ገና አላገገመም። ይሄ ማሽላ ካልገባ የቀሩትን በሬዎች ባቲ ገበያ ወስዶ መሸጥ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በምን እንደሚታረስ ቁጭ ብሎ ማሰብ ነው።

ማሳችን ተከታትሎ ከአስፋልቱ ወደ ቦርከና ወንዝ ይወርዳል። ከላይ የኡመር፣ ቀጥሎ የእትዬ ዘይነባ፣ ከዚያ የእኔ። ወንዙ ዳር፣ ጎርፍ የሚበላውን ቁራሽ መሬት ደግሞ የሱፍ አርሶታል። ከወንዙ ማዶ ማንም የማያርሰው ረግረግና ሣር ነው። እያንዳንዳችን ከእንጨት በተሠራ ማማ ላይ ወጥተን ጅራፍና ወንጭፍ ይዘን ከንጋት እስከ ምሽት እንጮኻለን። ኡመር ጅራፉን ሲያጮኽ ወፉ ተነሥቶ ዘይነባ ላይ ያርፋል። ዘይነባ ጣሳ ስትቀጠቅጥ እኔ ላይ ያርፋል። እኔ ስጮኽ ተመልሶ ዘይነባ ላይ ያርፋል። በዘፈን ሠርግ አባርሬ አውቃለሁ፤ ግሪሳን ግን ከአንድ ማሳ በላይ ማራቅ አልቻልኩም።

ዘይነባ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን የምታርስ፣ ማንም እንዲበልጣት የማትፈቅድ ሴት ናት። ኡመርን ሽማግሌ ፊት አቆመችው። "ወፉን ሆን ብሎ እየሰደደብኝ ነው" አለች።

"ወፉ የኔ ነው እንዴ?" አለ ኡመር።

"ሲነሣ ያንተ ነው። ሲበላ የኔ ይሆናል።"

ሽማግሌዎቹ ፍርድ አጡለት። ሁለቱ ተኳርፈው ተለያዩ፤ ወፉ ግን ሁለቱንም ሳያኮርፍ መብላቱን ቀጠለ።

በማግስቱ የሱፍ ማማዬ ሥር መጥቶ ቆመ። ጩኸቴ እስኪያልቅልኝ ጠበቀና "ሙሄ፣ ሁላችንም ባንዴ ነው የምንመታው" አለኝ። "ሁሉም ባንዴ ከመታ ሙዚቃ የለም። ወፉም መሄጃ የለውም።"

"ታዲያ ምን ይሁን?"

"ከላይ ከኡመር ቀስ ብሎ ይጀምር። ከፊቱ ያለው ዝም ይበል። ወፍ ከድምፅ ይሸሻል፣ ዝምታ ላይ ያርፋል። ሁሉም ሲያርፍ ቀጣዩ ይጀምር፤ የኋለኛው ደግሞ እንዳይመለስ ጣሳውን ማንሾካሾኩን አያቋርጥ። እንዲህ እያሳለፍን ቦርከናን እናሻግረው። እንደዚህ የሚሄድ አንድ ክላሲክ አውቃለሁ።"

"ክላሲኩን የምንጫወተው በምን?"

ማማዬ ሥር ወደተጣሉት ባዶ ጣሳዎች ተመለከተ።

አርባ ሰው የሚጫወተውን ለአራት ገመድ ቀነሰው። ከማማ ወደ ማሳው ዳርቻ ገመድ ዘርግቶ የኡመር ላይ የቲማቲም ጣሳዎች ሰቀለ፤ ውስጣቸው የማሽላ ፍሬ አደረገ። ሲሳቡ ይንሾካሾካሉ፤ "እነዚህ ቫዮሊኖቹ ናቸው" አለ። ለዘይነባ የዘይት ቆርቆሮ ከጠጠር ጋር ሰጣት። ለእኔ ባዶ ጀሪካኖች ሰጠኝ፤ በሙዚቃው ውስጥ ወፍራም ድምፅ ያላቸው መለከቶች የሚገቡበት ቦታ ነው፣ ከጉሮሮዬም ጋር ይሄዳል አለ። ለራሱ ጥቂት ጣሳ የያዘ ገመድና ሁለት የበርሜል ክዳን አስቀረ።

"ዜማውስ?" አልኩት። "ከጀሪካን ዜማ ይወጣል?"

"አይወጣም። ዜማውን እኔ በልቤ እይዘዋለሁ። እናንተ ማበጡንና መክሰሙን ስጡኝ። ተራውን ስጡኝ። ዝምታውን ስጡኝ። የቀረው ጌጡ ነው።"

ዝም የምንልበትን ቦታ በኦሮምኛ "ጨሊሲ" አለው። ዝም በል ማለት ነው፤ ሁላችንም ከእናታችን የሰማነው ቃል ነው፤ እኔ ከሚስቴም እሰማዋለሁ።

ጭንቁ ጨሊሲው ምን ያህል ይቆይ የሚለው ነበር። እነሱ በወታደር ቤት ይቆጥሩ ነበር። እኛ ስንቆጥር ዘይነባ ትሮጣለች፣ ኡመር ይዘላል፣ እኔ ደግሞ የት እንደደረስኩ ይጠፋኛል። የሱፍ ሲያስብ ሰነበተና አንድ ቀን በሳቅ መጣ። "በዚህ አገር ሁሉም እኩል የሚያውቀው አንድ ርዝመት አለ" አለ። "ሰላምታ ነው።"

እንዲህ ሆነ። ወፉ ወደ ማሳህ መግባት ሲጀምር በሆድህ አንድ ሙሉ ሰላምታ ትላለህ። አካም ጅርታ፣ ነጋ? ማለትም እንዴት ነህ፣ ሰላም ነው? ቤቱ ደህና? ልጆቹ ደህና? ከብቱ ደህና? ዝናቡ ደህና? አልሃምዱሊላህ። ከዚያ ገመዱን ትስባለህ። በሁላችንም ሞከረው። ርዝመቱ አንድ ሆነ።

የመጀመሪያው ቀን ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ግሪሳው ኡመር ላይ አረፈ። የሱፍ ወንዝ ዳር ካለው ማማው ሆኖ እጁን አነሣ። ኡመር ገመዱን በቀስታ ሳበ። ጣሳዎቹ ተንሾካሾኩ። እንደ ተናደደ ሰው ሳይሆን ጎረቤት የተኛ እንዳይነቃበት እንደሚጠነቀቅ ሰው አድርጎ ሳበው፤ ኡመር እንዲህ መሆን እንደሚችል ሚስቱም ያን ቀን ነው ያወቀችው። ወፉ ከአስፋልቱ በኩል እየተጠቀለለ ተነሣ፣ ወደ ዘይነባ ማሳ ጎረፈ። ግንባሩ አረፈ። ወገቡ ገና አየር ላይ ነው።

የዘይነባ ቆርቆሮ ጮኸ።

መንጋው መካከሉ ላይ ተሰነጠቀ። ግማሹ ወደ ኡመር ተመለሰ፣ ግማሹ በእኔ ላይ ተበተነ። ሁላችንም ያለ ተራ መታን። እየመሸ ሲሄድ ወፉ እንዳሻው በላ። ኡመር ከማማው ዘሎ ጅራፉን እንደያዘ በማሽላው መካከል እየሰነጠቀ መጣ። ዘይነባም ወረደች፤ በእጇ የጠጠር ጣሳ ይዛለች። እኔ መካከላቸው ለመግባት ተነሣሁና መሰላሉ ላይ እግሬ ተጠላልፎ ተሰቅዬ ቀረሁ።

የሱፍ ቀድሞኝ ደረሰ። መካከላቸው ቆመ፤ ግን አልተናገረም። የስድባቸው ዓይነት እስኪያልቅ ጠበቀ። ወፉ ከራሳችን በላይ ይንጫጫል።

"እትዬ ዘይነባ" አለ ሲያልቅላቸው። "ሰላምታውን ምን ያህል አልሽው?"

"'እንዴት አመሸህ' ብዬ ጨረስኩ።"

"ለምን?"

"ወፉን የላከው ማን ነው? እሱ አይደለም? በልቤ ሰላም የምለውም እሱን ነው። ከዚህ በላይ አይገባውም።"

እኔ መሰላሉ ላይ እንደተሰቀልኩ ሳቅ አመለጠኝ። ሌላ የሳቀ አልነበረም።

"እንግዲያው ሰላም በሉ" አለ የሱፍ። "አሁን። ርዝመቱን ልስማው።"

"ወፉ እየበላ?" አለ ኡመር።

"ዛሬ የሚበላውን በልቷል። ነገ ጠዋት የሚበላውን ነው የምንነጋገረው።"

ኡመር የጅራፉን እጀታ ሁለት ሦስት ጊዜ አገላበጠ። ካልተናገረ ጠዋትም እንደዚሁ እንደሚሆን ገብቶታል። ጥርሱን ነክሶ "አካም ጅርታ" አለ።

"ነጋ።"

"ቤቱ ደህና?"

"ደህና።" ዘይነባ መሬት መሬት እያየች ነው። "ልጆቹ ደህና?"

ኡመር ጅራፉን ዝቅ አደረገ። "ትንሿ ወባ ይዟት ነበር።"

ዘይነባ ቀና አለች። "መቼ?"

"ሰሞኑን። አሁን አልሃምዱሊላህ።"

"እኔ እያለሁ? አንድ ግድግዳ እየለየን? ለመሆኑ ማን ጠበቃት ሌሊት?" አለችና ጣሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዚያማ ሰላምታው ከርዝመቱ ሁሉ አለፈ፤ መድኃኒቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ የልጅቷ ምግብ። የሱፍ ወደ እኔ መጥቶ እግሬን ከመሰላሉ እያላቀቀ "ይሄ በዛ፤ ግን ከማነሱ ይሻላል" አለኝ።

በማግስቱ ንጋት ላይ ሠራ።

ኡመር አንሾካሾከ፤ ወፉ ጎረፈ። ዘይነባ ሙሉውን ሰላምታ ጠበቀች፤ እስከ ዝናቡ ድረስ። ቆርቆሮዋ ጀመረ። ከኋላዋ የኡመር ጣሳ አልተቋረጠም። መንጋው ወደ እኔ መጣ። ሰማዬ ጠቆረ። ገመዱ እጄ ላይ በላብ ራሰ፤ ወፉ ማሽላዬን ሲፈለፍል እየሰማሁ ከብቱ ደህና ወይ እያልኩ በሆዴ የጠየቅኩት ማንን እንደሆነ አላህ ይወቀው። አልሃምዱሊላህ አልኩና ሳብኩት። ጀሪካኖቹ አገሡ። መንጋው ተነሥቶ ወንዝ ዳር ወረደ። ድምፃችን የሱፍ እንዳሳየን እየከሰመ ሄደና ሦስታችንም ባንዴ ዝም አልን። ይሄ ትልቁ ጨሊሲ ነው። የሱፍ ክዳኖቹን ሲያጋጭ ሁላችንም ባለ በሌለ ኃይላችን መግባት አለብን።

ማማዬ ለየሱፍ ማማ ቅርብ ነው። አየሁት። ክዳኖቹን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆሟል። ያ ሁሉ መንጋ፣ የአራታችን ወፍ ተጠራቅሞ፣ የየሱፍ ማሽላ ላይ ወረደ። አገዳው አይታይም። ደረቅ ሣር በእሳት ሲበላ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር።

"የሱፍ፣ ምታ እንጂ" አልኩት በሹክሹክታ።

"ጨሊሲ።"

"አለቀ እኮ ማሽላህ።"

"ጭራው አልገባም።"

አንገቴን አዙሬ አየሁ። እውነትም የመንጋው ጭራ ገና በእኔ ማሳ ላይ ያንዣብባል። አሁን ቢመታ ጭራው ወደ ኋላ ይመለሳል። ጭራው እስኪገባ የቆየው ጊዜ ከቶ አላልቅ አለኝ። ከዚያ የሱፍ ክርኖቹን ከፈት አደረገ፤ አየር የሳበ መሰለኝ፤ መታ። አራታችንም ገባን። ግሪሳው እንደ አንድ ጨርቅ ተገልቦ ቦርከናን ተሻገረ፣ ረግረጉ ላይ ወደቀ።

ከላይ ኡመር በደስታ ጅራፉን ያጮኻል። እኔ ወርጄ የየሱፍ ማሳ ገባሁ። የዳሩ ማሽላ ራስ ራሱ ባዶ ሆኗል።

"ታውቅ ነበር?" አልኩት።

"ምኑን?"

"መጨረሻው አንተ ላይ እንደሚወድቅ።"

"ሲምባል ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው።"

"ይሄ ማሽላ ነው፣ ሲምባል አይደለም።"

"እሺ፣ ማን ላይ ይውደቅ? ዘይነባ ላይ?" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ለነሱ አትንገር። ካወቁ እጃቸው ይሳሳል። ቶሎ ይመታሉ።"

ጠዋትና ማታ እንዲህ ስንመታ ሰነበትን። የሦስታችን ማሽላ ቆመ፤ የሱ በየቀኑ ሳሳ። እኔ ለማንም አልተናገርኩም፤ በሕይወቴ የጠበቅኩት ምሥጢር እሱ ብቻ ነው፤ እሱም የቆየው ፋጡማ ውሃ ልትቀዳ ወንዝ እስክትወርድ ነው። የሳሳውን ማሽላ ስታይ እንስራዋን ሳትሞላ ተመልሳ ለዘይነባ ነገረች። ኡመር ሲሰማ የየሱፍ ደጃፍ ሄደ።

"ከነገ ጀምሮ አልመታም" አለው።

"ካልመታህ የአራታችንም ይሄዳል።"

"ይሂድ። አንተን አስበልቼ ያስገባሁትን እህል ልጆቼን አላበላም።"

"ኡመር፣ ትንሿ ገና አላገገመችም። ምን ልታበላት ነው?"

ኡመር ዞሮ ሄደ። ያን ምሽት ይምታ አይምታ ሳናውቅ ማማ ላይ ወጣን። መታ፤ ግን ጣሳው ሲንሾካሾክ እንደሚያለቅስ ነበር።

በማግስቱ የሱፍ ያረጀውን ገመድ ለመተካት ጨፋ ሮቢት ገበያ ሄደ። ቀትር ላይ ወፉ በግራር ጥላ ሲያርፍ ዘይነባ ጆንያ ተሸክማ መጣች። "የቀረውን እንጠቅልለው" አለች። "ራስ ራሱን።" ለሰፊ ማሳ የማይሞከር ነው፤ ለዚያች ለሳሳች ቁራሽ ግን ይቻላል። በመጀመሪያ በራሱ በማሽላው ቅጠል አሰርን። ቅጠሉ አልበቃ አለ። ጆንያ ቀደድን። ጆንያው አለቀ። ፋጡማ ሻሿን አወለቀች። ኡመር ሽርጡን ቀዶ አሰረ። ዘይነባ ከሣጥኗ የሟች ባሏን ሸሚዞች አምጥታ፣ እጅጌ እጅጌያቸውን በጥርሷ እየቀደደች አለበሰች። እኔም ለዒድ የማደርጋትን ኮቴን ሦስት ራስ ላይ ደረብኳት፤ ማሽላው ላይ ከእኔ ይልቅ ልክ ሆነች። ሸሚዜንም ሰጥቼ በካናቴራ ቀረሁ። ፋጡማ አየችኝና "አንተ እዚያው ማሳው መሃል ቁም፤ ወፍ ሁለተኛ አይመጣም" አለችኝ።

የሱፍ ገመዱን በትከሻው አድርጎ ዐስር ላይ ተመለሰ። ማሳው ዳር ቆመ። ጥቂት ነፋስ ነበር፤ እጅጌዎቹ ይወዛወዛሉ። ወደ ውስጥ ገብቶ ኮቴን በጣቱ ነካት።

"የማን ናት?"

"የኔ።"

"ለዒድስ?"

"ዒድ እስኪደርስ እሱ ይልበሳት።"

ገመዱን እንደያዘ ማማው ላይ ወጣ። እኔም አዲሱን ገመድ ላስርለት ተከትዬው ወጣሁ፤ እዚያው እያለሁ ወፉ መጣ። ማማዬ ላይ ፋጡማ ሮጣ ወጥታ ገመዴን ያዘች።

ኡመር ጀመረ። ዘይነባ ተቀበለች። ፋጡማ ከእኔ አሳምራ ጠበቀች፤ ይህን ዛሬም ታነሣብኛለች። ከዚያ ሁሉም ዝም አለና መንጋው በለበሰው ማሳ ላይ ወረደ።

የሱፍ ክዳኖቹን አነሣ።

ወፉ ጨርቁን ይነክሳል። ይጎትታል። ከታችኛው ረድፍ የአንዱ ሸሚዝ እጅጌ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ራሱ ወጣ፤ ወፉ ተረባረበበት። እጄ ወደ ገመዱ ሄደ።

"ጨሊሲ" አለኝ ሳያየኝ።

"ሁሉንም ይፈቱታል።"

"ቆይ።"

ጭራው ገባ። የሚመታበት ጊዜ ደረሰ። አልመታም። አለፈ። ክርኖቹ እንደተከፈቱ ናቸው። ወፉ ከራስ ወደ ራስ ይዘላል፣ ጨርቅ ላይ ያርፋል፣ ጨርቅ ይነክሳል፣ ይነሣል። ጥቂቶቹ ወደ ወንዙ ሄዱ። ሌሎች ተከተሉ። ከዚያ ማንም ሳይነካው፣ አንዲት ጣሳ ሳትሰማ፣ መንጋው ሁሉ እንደ ተቆጣ እንግዳ ተነሥቶ ቦርከናን ተሻገረ።

ያን ዓመት የሱፍ ከአራታችን ትንሹን ነው ያስገባው፤ ግን አስገባ። የኡመርም በሬዎች ባቲን ሳያዩ ቀሩ። ያን ምሽት ግን ይህን ገና አናውቅም ነበር። የምናውቀው የሱፍ አለመምታቱን ብቻ ነው።

ወደ ላይ ተመለከትኩ። ፋጡማ ገመዱን ወጥራ ይዛ ቆማለች። ከእሷ በላይ ዘይነባ። ከሁሉም በላይ፣ አስፋልቱ ጥግ፣ ኡመር ሁለት እጁን ገመዱ ላይ አድርጎ ወደ እኛ አንገቱን አስግጓል። ወፍ የለም። የሚያባርሩት ነገር የለም። ምልክቱ ስላልመጣ ግን ጣቱን ያነሣ አልነበረም። የሱፍ እነሱን እያየ ክዳኖቹን በአየር ላይ እንደያዘ ቆየ። ከዚያ ቀስ አድርጎ፣ እርስ በርስ እንዳይነካኩ ለያይቶ፣ አንዱን በግራው አንዱን በቀኙ አስቀመጣቸው።